ክቡር «ከዚያስ?» እና ቀዩ ክር

ኮምፒውተር ሊገባበት በታሰበ መሥሪያ ቤት ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጠያቂ ይገባል። የልጅ ልጄ ሥራው «የተጠቃሚ ፍላጎት ማጥናት» ይባላል ትለኛለች። እኔ የማውቀው ግን ደብተር ይዞ አጠገባችሁ ይቀመጥና፣ ሃያ ዓመት ሳታስቡ የሠራችሁትን ሥራ እንደሚያስረሳችሁ ነው።

የክሊኒካችን ጠያቂ «ክቡር ከዚያስ» ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት ዘበኛው ነው።

«በሩን እንዴት ይከፍታሉ?»

«በቁልፍ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይከፈታል።»

«ቁልፉ ቢጠፋስ?»

ዘበኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውል ጀመር።

ዳይሬክተሩ ስለ ካርድ ክፍል አንድ መስመር ጽፈው ሰጥተውት ነበር፦ «ሠራተኛዋ ስም አንብባ ካርድ ታወጣለች።» ሠራተኛዋ እኔ ነበርኩ። ቁጥር እንጂ ፊደል አልለይም፤ ካርድ የማወጣው በቁጥሩ ነበር፤ ይህ ቢታወቅ መባረሬ ነው። ክቡር ከዚያስ ግን መስመሩ አልበቃቸውም፤ በርጩማ ይዘው መደርደሪያዬ ሥር ሦስት ቀን ተቀመጡ። ያ ክፍል ዛሬ የለም፤ የአሮጌ ወረቀት ሽታው ግን አሁንም ይመጣብኛል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ካርድ አነሣ። «እትዬ፣ ይቺ ቀይ ክር ምንድን ናት?»

ጨነቀኝ። «ጌጥ ናት» ብዬ ብመልስለት ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ክሩ ይቀራል፤ መድኃኒት ለማይስማማው ታካሚ ማን ሐኪሙን ያስጠነቅቅለታል? እውነቱን ብነግረው ደግሞ ቀጣዩን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

መድኃኒት የማይስማማው ታካሚ ካርድ ላይ እኔው የማስራት ምልክት መሆኗን ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን አይጽፉትም?»

«ፊደል አልቆጠርኩማ፣ ልጄ።»

አጎንብሶ ብዙ ጻፈ። አለቀልኝ አልኩ።

በማግስቱ ሰነዱን አነበበልኝ፦ «መድኃኒት የማይስማማው ታካሚ መዝገብ ሲከፈት ቀይ ምልክት ይታይ፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ከሩቅ ይለየው።» ስለ እኔ አንዲት ቃል የለበትም።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው ይፈርሙ። ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት።»

«በጣቴ?»

«በስምዎ።»

በየምሳ ሰዓቱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስሜን አስጻፈኝ። ዳይሬክተሩ «ሰነዱ ምን አዘገየው?» ብለው ሲቆጡት «አንድ ፊርማ ይቀራል» ይላቸዋል፤ የማን እንደሆነ አይናገርም።

በሦስተኛው ሳምንት ፈረምኩ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ቆሙ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ፊርማዬን ዐዩት፤ ከዚያ ከእኔ ሥር ፈረሙ።