ሐይቁን የጋረደው ታፔላና የእኔ ቅኔ

በአገራችን አንድ ውብ ነገር ሲገኝ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ምን ይመስላችኋል? መጠበቅ? መንከባከብ? ኧረ ምን ሲደረግ! መጀመሪያ የሚሠራው ፊቱ ላይ ቆርቆሮ መምታት ነው። ተራራ ካለ ታፔላ፣ ፏፏቴ ካለ ታፔላ፣ ዛፍ ካለ... ዛፉ ተቆርጦ የታፔላው እግር ይሆናል። ውብ ነገር ውብ መሆኑን በዓይናችን አይተን አናምንም፤ ማስረጃ ካልተለጠፈበት ሐሰተኛ ይመስለናል።

ይኼን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ውኃው መውረድ፣ እትዬ ዘይነባ ዘንድ አንድ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ አዝዤ ሐይቁንና የአምባሰልን ተራራ እያየሁ መቀመጥ ነው። (የምትጽፈውን ሐሳብ ከየት ነው የምታመጣው እያላችሁ የምትጠይቁኝ አንባቢዎቼ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ሐሳቡ የዓሣው ነው፤ የእኔ አጥንቱ ብቻ!)

እትዬ ዘይነባ ከውኃው ዳር፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር ዓሣ የሚጠብሱ ሴት ናቸው። ከዘይታቸው ይልቅ ምላሳቸው ይፈላል። ዓሣውን የሚያመጡላቸው ታላቅ ወንድማቸው አያ እንድሪስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በታንኳ ሐይቁን ሲመላለሱ የኖሩ፣ ቃል ከአፋቸው እንደ ዓሣ በመከራ የሚወጣ ሽማግሌ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ከሰዓት ስወርድ... ሐይቁ የለም!

አልቀለድሁም። ሐይቁ የነበረበት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ቆሟል። ቁመቱ አንድ ፎቅ፣ ስፋቱ ሁለት ሚኒባስ ተከታትሎ የቆመ የሚያህል ታፔላ! በላዩ ላይ ምን ተስሎበት ነበር ብትሉኝ... ሐይቅ! ቀለሙ የትምህርት ቤት በር የሚቀባበት ሰማያዊ ነው። መሃሉ ላይ ጉማሬ ተጋድሟል። እኔ ዕድሜ ልኬን በዚህ ሐይቅ ጉማሬ አይቼ አላውቅም። ከጉማሬው ጎን አንድ ዓሣ አለ፤ ሽፋሽፍት አለው፤ ይስቃል። ከላይ በቀይ ቀለም ልብ ተስሏል፤ ልብ መሆኑን ያወቅሁት ተነግሮኝ ነው እንጂ እኔስ የበግ ጉበት መስሎኝ ነበር። ከሥሩ በትልልቁ «የሐይቁን ውብ እይታ ከዚህ ሆነው ይመልከቱ» ይልና ቀስት ተሠርቶለታል። ቀስቱ የሚያመለክተው ወደ ቆርቆሮው! በመጨረሻም «መጥተው ዜና ይብሉ» የሚል ግብዣ ተጽፏል።

«መምህር፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ፣ ሹካቸውን እንደያዙ።

አነበብሁላቸው።

«ዜና ይብሉ? እኔ ዓሣ ጠብሼ ተቀምጬ?»

«የጽሕፈት ስሕተት ነው እትዬ። ዘና ይበሉ ለማለት ነው።»

«የለም፣ የለም... ስሕተትስ አይደለም። እስከ ዛሬ ሌላ ምን ሲያበሉን ኖሩና!»

አያ እንድሪስ ቆመው ያያሉ። ታፔላው ሁለት እግሩን የተከለው እርሳቸው ታንኳቸውን እየጎተቱ ከሚያወጡበት ደረቅ መሬት ላይ ነበር። ብዙ አይተው አይተው፣ «ደግነቱ ጉማሬው ቆርቆሮ ነው። እውነተኛ ቢሆን መረብ ይቀድ ነበር» አሉና ሌላ መውጫ ፍለጋ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስሙኝ። እንግዳ በባጃጅ ይመጣል፤ ቆርቆሮውን ያያል፤ ከጉማሬው ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ይመለሳል! ከታፔላው ጀርባ እውነተኛ ውኃ መኖሩ ለማንም ትዝ አይለውም። ያልተበላው ዓሣ ለድመቶቹ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ድመቶቹም ጠግበው ዞር ብለው ማየት ተዉ። ቅንድብ እሠራለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት ይኼ አይደል?

ሰዉ ተቆጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ዋርካው ሥር ተሰበሰበና ቆርቆሮው ይነሣልን የሚል አቤቱታ እንዲጻፍ ተስማማ። ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው መምህር እያለ ማን ይጻፍ!» ተባለ። ደረቴ ስንት ክንድ እንደ ተነፋ አትጠይቁኝ።

«አደራ፣ አጭርና ግልጥ አድርገው» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«እትዬ፣ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው።»

«እኔ ጠጅ አልጠጣም። አንተ ብቻ ግልጥ አድርገው።»

አልሰማኋቸውም። ወሎ ተወልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰምና ወርቅ አስተምሬ፣ እንደ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ደረቅ ማመልከቻ ልጻፍ? ቤቴ ገብቼ እንዲህ ስል አፈሰስሁት፦

«ክቡር ሆይ! ዘወትር ያንኑ ውኃ፣ ያንኑ ተራራ ከማየት ድካም ዓይናችንን ስላሳረፉልን በምን ቃል እናመስግንዎ? ተፈጥሮ ጉማሬ የረሳችበትን ሐይቅ እርስዎ በቆርቆሮ አሟልተውልናል። እጅዎ ከዚህም በላይ ይርዘም፤ እኛም ዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ እናያለን!»

እንዴት ነው? አትዋሹ፣ ፈገግ ብላችኋል! እኔማ ለብቻዬ ስስቅ ባለቤቴ ብርድ የመታኝ መስሏት ነበር። ሰዉም ሳያነብ፣ እኔን አምኖ፣ ፈረመ። ደብዳቤውን ወስጄ ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው እንዳትሉኝ። ታፔላ የሚተክል መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ የሚነቅለውን ነው ያጣነው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «ኅብረተሰቡ በሥራችን የተሰማውን ከፍተኛ እርካታ ገልጾ ይቀጥልልን በማለት ባቀረበው ጥያቄ መሠረት፣ ተጨማሪ ሁለት ታፔላዎች እንዲተከሉ ተወስኗል» ይላል።

ሁለት! ቧንቧ ጠይቀን ዓመት የጠበቅን ሰዎች ታፔላው በሦስት ቀን ደረሰልን። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ተተከለና ውኃው በጭላንጭል ይታይበት የነበረውን ክፍተት ሁሉ ደፈኑልን። በአንደኛው ላይ ደግሞ በወርቃማ ቀለም ምን ቢጻፍ ጥሩ ነው?

«ዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ እናያለን! — የአካባቢው ነዋሪዎች»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ ያገሬ ሰው! ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ባለቤቴም አልማረችኝም። «አንተ እኮ ለቅሶ ቤት ሄደህ እንኳን ደስ ያላችሁ ትልና ወርቁን ፈልጉ የምትል ሰው ነህ» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን አንገቴን ደፍቼ ወረድሁ። እትዬ ዘይነባ ሰላምታዬን በሹካቸው ጫፍ ተቀበሉና ፊታቸውን አዞሩ። ዓሣ ለማዘዝ ድፍረቱን አጥቼ ከሦስቱ ቆርቆሮዎች ፊት ተቀመጥሁ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ቆርቆሮዎቹ ይንኳኳሉ፣ ሸራው ይማታል፤ እኛ እዚያው ተቀምጠን ስለ ነፋሱ እናወራለን።

በዚያ ሰዓት ለካ አያ እንድሪስ መሃል ሐይቅ ላይ ነበሩ። መቅዘፊያቸው ተሰብሯል፤ ነፋሱ ታንኳቸውን እየገፋ ይወስደዋል፤ ማዕበሉም ውኃ ይሞላባቸዋል። ጥምጣማቸውን ፈትተው ወደ እኛ ያውለበልባሉ፣ ይጮኻሉ። እኛ ደግሞ ዓይን የማይደርስበት ርቀት ላይ አይደለንም፤ ግን ማን ያያቸዋል? የጉማሬው ጀርባ!

ያዳናቸው ከሐይቅ እስጢፋኖስ በእግራቸው ሲመለሱ የነበሩ አንድ ቄስ ናቸው። ከጉብታው ላይ ሆነው አዩና፣ «ሰው ሊጠፋ ነው! እናንተ ምን ተቀምጣችኋል!» እያሉ ልብሰ ተክህኖ የያዘ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ። ጎረምሶቹ በሁለት ታንኳ ወጡ። እኛ ግማሹ በቆርቆሮው ግራ፣ ግማሹ በቀኝ ዞረን ጭቃው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። እትዬ ዘይነባ ያ ሁሉ ምላሳቸው ተሳስሮ «ያ ረቢ... ያ ረቢ...» ብቻ ይላሉ። እኔ ደግሞ ምን ልበል? በሕይወቴ የጻፍሁት ሁሉ ቢቃጠል ደስ ይለኝ ነበር።

አያ እንድሪስን ጎትተው አመጧቸው። ውኃው ከልብሳቸው ይንጠባጠባል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። «አልሀምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«መምህር፣ ጽሑፍህ ከውኃው በኩል አይነበብም» አሉኝ።

ብቻ! ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

እትዬ ዘይነባ የማብሰያ ሽርጣቸውን ፈትተው ወረወሩና «ተነሥ!» አሉኝ። ወንድማቸው ላይ ጋቢ ጣሉ፤ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጭነን መሥሪያ ቤቱ ደረስን።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ክራቫት ያሰረ። ሲያየን በደስታ ተነሣ። ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ የእኔ ደብዳቤ ተሰቅሏል!

«ክቡር ኃላፊ፣» አልሁ ላቤን እየጠረግሁ፣ «ያ ምስጋና አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አቤቱታ ነው። ሰምና ወርቅ ነው።»

ዞሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ሰሙን አገኘሁት። ወርቁ የትኛው መስመር ላይ ነው?»

«ውስጡ ነው ያለው...»

«መምህር፣ ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ወርቁ ‹ጉዳዩ› ከሚለው ፊት ለፊት ይጻፋል እንጂ!»

ፍረዱኝ፣ ልጁ ምን አጠፋ?

እትዬ ዘይነባ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝና ወደ ፊት ወጡ። «ልጄ፣ ወንድሜ ዛሬ ውኃ ሊበላው ነበር። ታፔላህ ጋርዶት ማንም አላየውም። ደግሞም አስቀያሚ ነው። አንሣው።»

ኃላፊው አያ እንድሪስን አየ። ከጋቢው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ምንጣፉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ፊቱ ተለወጠ። ወንበር ስቦ ራሱ አስቀመጣቸው።

«አስቀያሚ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ሁሉ ያምራል ነበር የሚለኝ፣ እናቴ።»

«ሰው ሁሉ ማነው?»

«እዚህ ቢሮ ያሉት።»

«እነሱ አለቃ አላቸው። እኛ ዓይን አለን።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ያለ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ማንሣት እንደማይቻል ነገረንና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙ።

«እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ። ታፔላው ሐይቁን ጋርዷል። አስቀያሚ ነው። ይነሣ።»

ጻፍሁ። እጄ ግን ጠባዩን አይለቅም፤ ከሥር አንዲት ቃል ልጨምር ስል...

«ምንድን ነው እሱ?»

«‹በአክብሮት› ነው እትዬ።»

«ተወው! ለቆርቆሮ ምን አክብሮት አለው!»

በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ሦስቱንም ነቀሉ። የመጨረሻው ሲጋደም ሰዉ እልል አለ። ሐይቁም እዚያው ነበር፤ ቅር እንኳ ሳይለው፣ አምባሰልን በደረቱ አጋድሞ።

በማግሥቱ እንግዶች የጫነ ሚኒባስ ወረደና አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ከውስጡ ዘሎ ወጣ። ግራ ቀኝ አየ። መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አየ። ታንኳቸውን ወደ ደረቁ ወደሚጎትቱት አያ እንድሪስ ጠጋ አለና፣

«አባባ፣ ይኼ ሐይቅ መቼ ነው የተሠራው? ባለፈው ወር ስመጣ አልነበረም!» አላቸው።

አያ እንድሪስ ቀና እንኳ አላሉም። «ትናንት ነው የተመረቀው።»

«ጎበዝ!» አለ ሰውዬው፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ እያጨበጨበ። «ልማት ማለት እንዲህ ነው!»