ወደ ጉና ስንሄድ ለቅሶ ደረስን

የደብረ ታቦርን ሰው «እዚህ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። ራሱን ያክና «ባሕር ዳር ብትሄዱ ይሻላችኋል» ይላችኋል። ይህን ሲላችሁ ጉና ተራራ ከጀርባው ተገትሮ ይሰማዋል! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እኛ ጉናን የምናውቀው በብርዱ ነው። ጠዋት ጋቢያችንን ተከናንበን «ይሄ ጉና ዛሬም ለቀቀብን» እንላለን፤ በቃ። ጋፋትም የጥንት መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ጋፋት የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በሬ ልገዛ። ጣራ ገዳምም ሄጃለሁ፤ ወገቤን አሞኝ ልጸልይ እንጂ ጫካውን ላይማ ማን ልኮኝ?

ይህን ዓመል ልታስተወን የተነሣችው የእህቴ ልጅ እታገኝ ናት። ቤሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና ደብረ ታቦር ላይ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች። «አጎቴ፣ እዚያ እኮ የጉናን ጉልበት የማታህል ኮረብታ ለማየት ሰው ይሰለፋል» ትለኛለች። ማረፊያው ግን እንግዳ አጣ። አንሶላው ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይታጠፋል፤ የሚተኛበት የለም። በመጨረሻ አንድ የባሕር ዳር አስጎብኚ ሰውዬ ሦስት ፈረንጆች ለሙከራ ልላክልሽ አላት። ተደስተው ከተመለሱ ደብረ ታቦር በፕሮግራሙ ትገባለች፤ ካልተደሰቱ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

«ካልሆነ ቤቱን ዘግቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። ወዴት እንደምትመለስ አልጠየቅኳትም። እናቷ ስምንት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጥ አይቻለሁ።

አስጎብኚ አድርጋ የመረጠችው እኔን ነው። እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ እምቢ ማለት አልችልም። ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሦስት ሰዓት መነሻ፣ አምስት ሰዓት ላይ ጉና ሥር፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጫፉ። «አደራ አጎቴ፣ መንገድ ላይ እንዳይቆሙ። ፈረንጅ ሰዓት ይወዳል።»

አልቆምም ብዬ ማልኩላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

እንግዶቹ አንድ ባልና ሚስት፣ ከነሱም ጋር ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ናቸው። ክምር ድንጋይ ከተማን አልፈን ወደ ጉና አቅጣጫ ጥቂት እንደነዳን፣ ከመንገዱ ዳር ዳስ ተጥሎ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ግጥም ብሎ አየሁ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ሞተሩን አጥፍቷል። የኛ አገር ሾፌር ነዋ! ለቅሶ ቤት እያየ እንዴት ይለፍ? «ግዴለም ንዳ» ልለው አፌን ስከፍት አንድ ሰው መስኮቱን ያዘ። የክርስትና ልጄ አባት ነው።

«መምህር! ሰምተው መጡ? እግዜር ይስጥልኝ! አባቴን እኮ ትናንት ቀበርነው።»

አያ ደሴ ሞተዋል! የክርስትና ልጄ አያት። እኔ አልሰማሁም። አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «አይ፣ ለቅሶውን አልሰማሁም፣ ተራራ ላሳይ ነው የመጣሁት»? ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ አጥፌ ወረድኩ። ለፈረንጆቹም «አጭር የባህል ጉብኝት ነው» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንገታችሁን ድፉ፣ ፎቶ አታንሡ፣ የሚሰጣችሁን ብሉ ብዬ አስከትያቸው ገባሁ።

ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። አልቃሿ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ድምፃቸው ከጉና የሚያስተጋባ ሴት፣ አንድ ጊዜ ፈረንጆቹን አየት አደረጉና አወረዱት፤

እንኳን የጎረቤት የሩቅ ሰው ደረሰ፣
ባሕሩን ተሻግሮ ፈረንጅ አለቀሰ።

የሟች ልጅ አንገቱ ቀና አለ። እንዴት አይል? የጎረቤቱ አባት የሞተ ጊዜ ከሩቅ መጣ የተባለው እንግዳ እዚሁ ቅርብ ካለችው ከእብናት ነበር።

ታዲያ ፈረንጆቹ አላለቀሱም ነበር። ግጥሙ ቀደማቸው። ትንሽ ቆይቶ ግን አሮጊቷ እውነትም ማልቀስ ጀመሩ። ስቅስቅ ብለው። ሴቶቹ ከበቧቸውና «ምን ሆነው ነው? ማን ሞቶባቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አሮጊቷን ጠየቅኳቸው። ባላቸው ፒተር ሞቶባቸዋል፤ ዓመት አልሞላውም።

«ስንት ቀን ተለቀሰለት?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

አስተረጎምኩ። አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ አሉ አሮጊቷ።

«አንድ ሰዓት?» ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። አንዷ ደረቷን መታች። ላም ስትሞትስ ከዚያ በላይ ይታዘን የለም እንዴ? ወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩን በዋዛ የሚያልፉ ሴት አይደሉም። ሰውዬው ምን ሠሪ ነበር አሉኝ። ባቡር ነጂ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር ወይ? ነበር። ስሙ ማን? ፒተር። «ጴጥሮስ ማለት ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤

መንገደኛን ሁሉ አድርሶ ከቤቱ፣
ምነው ጴጥሮስ ቀረ ሳይደርስ ከሚስቱ?

በሕይወቱ ባቡር አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ለባቡር ነጂው እዬዬ አለ። እኔም አለቀስኩ። ለአያ ደሴ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ለጴጥሮስ ነው። ግጥሙን ለአሮጊቷ ስተረጉምላቸው እጄን ጨብጠው አለቀሱ፤ ቀጥሎ ሣቁ፤ ቀጥሎ አንድ ሰሐን ንፍሮ ብቻቸውን ጨረሱ። ሴቶቹም «አሁን ወጣላት» ተባባሉ።

ከዳሱ ስንወጣ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ጉና ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ጫፉን አይደለም እግሩንም አላየነው።

ማታ እታገኝ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ጫፉ ላይ ወጡ?» አለች። እውነቱን ነገርኳት። «ለቅሶ ቤት ወሰዷቸው? አጎቴ፣ ለቅሶ?» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የልጅቷን እንጀራ በንፍሮ ለወጥኩት ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! በሦስተኛው ቀን አስጎብኚው ከባሕር ዳር ደወለ። እንግዶቹ ከኛ ቀጥለው ያዩትን ላሊበላን ማድነቅ ትተው ስለ ዳሱ ብቻ ያወራሉ። አሮጊቷማ ለጓደኞቻቸው ሁሉ ጽፈዋል። ደብረ ታቦር በፕሮግራሙ ገብታለች፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ስምንት ሰዎች ይመጣሉ። እታገኝ እልል ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰውዬው ግን ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ነገር ጨመረ። ፕሮግራሙ አንድም ነገር ሳይቀየር ልክ እንደ መጀመሪያው ይሁንልኝ አለ። ተራራው ቢቀርም ግዴለም።

እታገኝ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አጎቴ፣ ሐሙስ ለቅሶ ይኖራል?»

ሞት በቀጠሮ አይመጣም፣ ልጄ፣ አልኳት። ገብቷታል፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። ያን ሳምንት ክምር ድንጋይ ወርዳ የታመመ ሽማግሌ ሁሉ ጠየቀች። ብርቱካን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ሰዉ «እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት!» ይላል። ሽማግሌዎቹ ብርቱካኑን እየበሉ ሁሉም ተሻላቸው።

እኔን ረቡዕ ማታ ሳል ያዘኝ። እታገኝ ብርቱካን ይዛ መጣች።