ከቤይሩት ዱባይ ስንት ሰዓት ነው?

ረግጦት የማያውቀውን አገር ርቀት በቃሉ የሚያውቅ ሰው ከየትኛውም ሰፈር አይጠፋም። ላፍቶ ላይ ይህ ሹመት የክቡር አቶ ወጋየሁ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም።

እሳቸው ባሉበት የአገር ስም መጥራት አይቻልም። "ከቦምቤይ ባንኮክ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር፤ አራት ሰዓት።" ማን ጠየቃቸው? ማንም። ሣሪስ ደርሼ ልምጣ ያላቸውን ሰው እንኳ "በምድር ነው በሰማይ?" ይሉታል። በሰማይ ከሆነ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በምድር ታክሲ መጠበቁ ብቻ አንድ ሰዓት ነው።

አንዴ ለቅሶ ቤት፣ የሟች ልጅ ከሪያድ በጅዳ በኩል እየመጣ ነው ተባለ። "ከሪያድ ጅዳ አንድ ሰዓት ተኩል" አሉ። አንድ ለቀስተኛ "ሁለት ነው" ቢላቸው "እኔ ሰዓት አልጨምርም፣ አልቀንስም!" ብለው ተቀየሙት፤ ቀብር ደርሰው እስኪመለሱም አላናገሩት። ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ማሚቴ፣ ሬሳ እንኳ የማያከብር አፍ ብላ አዘነችባቸው።

የማሚቴ ልጅ ሚካል ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በሰማንያ ዘጠኝ ጥቅምት አሠሪዎቿ ወደ ዱባይ ሲዛወሩ ይዘዋት ሊሄዱ ሆነ። "ማክሰኞ፣ በእናንተ ሰዓት ጠዋት ሦስት ላይ እንነሳለን" ብላ ጻፈች። "እንደደረስኩ ፈየራ ሱቅ እደውላለሁ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ከቆመ በሰላም ገብቻለሁ ማለት ነው፤ እንዳታነሡት።" ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈሩ ልጅ እንዲሁ አገር ስትቀይር እንደወጣች ቀርታለች።

ማሚቴ ከማለዳ ጀምሮ ፈየራ ሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። አቶ ወጋየሁም ሳይጠሩ መጡ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑን ሳምንቱን ሙሉ ለሰፈሩ አዳርሰዋል።

ስድስት ተኩል ሆነ። ስልኩ ዝም። ሰባት ሆነ።

"ጋሼ፣ አለፈ እኮ" አለ ፈየራ።

"ምን ያልፋል? አምስት ሰዓት ይፈጃል።"

"ትናንት ሦስት ተኩል አላሉም?"

"እሱ ነፋስ በሌለበት ነው። አንተ ስኳርህን መዝን!"

ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱን ስድስት አደረጉት። ዘጠኝ ላይ ሻንጣ ማውረዱ ብቻ አንድ ሰዓት ነው አሉ። ማሚቴ ቀና ብላ አየቻቸው። በለቅሶ መሀል ግማሽ ሰዓት ያልለቀቁ ሰው፣ ለእሷ ሲሉ እስያን በእጃቸው እየጎተቱ ያረዝሟታል። "ውሸትዎን ነው" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

"እንግዲያ አልደረሰችም ማለት ነው" አለች።

"የት ትደርሳለች! ገና ባሕሩ ላይ ናት።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። ፈየራ ሊያነሣ ሲል አቶ ወጋየሁ እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት። ደግሞ ጠራ። ቆመ። ማሚቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ክቡርነታቸው ደግሞ ወደ መደርደሪያው ዞረው የሳሙና ዋጋ ያነቡ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ አቶ ወጋየሁ ከቤይሩት ዱባይ ስምንት ሰዓት ነው ይላሉ። አንድ የሰፈሩ አስተማሪ ካርታ ዘርግቶ ቢሞግታቸው ፍንክች አላሉም። አስተማሪው ሊስቅባቸው ሲል ማሚቴ ቀደመችው።

"ስምንት ነው፣ የኔ ጌታ።"

"እርስዎ ደግሞ በምን አወቁ?"

"አብሬያቸው ሄጄበታለሁ።"