ወይኖ የሚያውቀው ዜማ

ይህን በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሟቹንም፣ በሬውንም፣ የሙዚቃ ሊቃውንቱንም። ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን እኔ የተማርሁት ሙዚቃ እንጂ ዝምታ አይደለም።

የት ተማርህ ትሉኝ ይሆናል። በስልክ ነዋ! ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከቢሮ መልስ፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድ። መምህሩ ከባሕር ማዶ ሆኖ የጥንት መነኮሳትን ዜማ ማስረዳት ሲጀምር ኔትወርኩ ይጠፋል። ሲመለስ ሰውዬው ፒያኖ ላይ ደርሷል። መካከል ላይ ያሉት ዘመናት እስካሁን አምልጠውኛል። ቢሆንም ሜጀር የሚሉት ቅኝት የደስታ፣ ማይነር የሚሉት የኀዘን መሆኑን ለየሁ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ሴቶቹ በየትኛው እንደሚያለቅሱ ነበር የማዳምጠው። ግንባሬ ሲቋጠር የሚያዩኝ፣ "ምነው እንዲህ አዘነ!" ይሉልኝ ነበር።

ይህ ሁሉ እውቀት ለምን? ለአባቴ ዘፈን።

አባቴ የስማዳ ገበሬ ነበሩ። ውቂያ ሲደርስ አውድማው ላይ ለበሬያቸው ለወይኖ የሚዘፍኑለት ዜማ ነበራቸው፤ ራሳቸው ያወጡት፣ ሌላ ሰው የማይዘፍነው። ወይኖ እሱን ሲሰማ ማንም ሳይነዳው መዞር ይጀምራል። እኔ ግን ገና በልጅነቴ ለትምህርት ከተማ ስለወጣሁ ግማሹን እንኳ አልያዝሁም። አባቴ ሲታመሙ ወይኖን ለጎረቤታቸው ለጋሼ አዳነ ሸጠው እኔ ዘንድ መጡ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ገባኝ። ዜማው አብሯቸው ሳይቀበር በኖታ ልጽፈው ቆረጥሁ።

ትምህርቱ ስለ ድምፅ ቅጂ ምን ይላል? መስኮት ይዘጋ፣ ሰው ይውጣ፣ እንስሳ አይቅረብ። ዘጋሁ። ሚስቴን አስወጣሁ። ዶሮዎቹን ሳይቀር አባረርሁ። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ መቅጃውን ከፍቼ ስልኩን ደቀንሁባቸው።

"በሉ አባባ፣ የወይኖን ዘፈን።"

ዙሪያውን አዩ። "ወይኖስ?"

"እሱማ ጋሼ አዳነ ዘንድ ነው።"

"ታዲያ ለማን ልዝፈን? ለወንበሩ?"

"ለስልኩ።"

"ስልክህ እህል ያበራያል እንዴ?"

ዘፈን ማለት የድምፆች ቅደም ተከተል እንደሆነ፣ ሰሚ ባይኖርም ዘፈን ዘፈን እንደሚባል በሰፊው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና አዘኑልኝ። "እነዚህ ያስተማሩህ ሰዎች በሬ የላቸውም መሰል" አሉ። "ይሁን፣ ሲሻለኝ አብረን እንወርዳለን። ወይኖ ፊት እልልሃለሁ።"

አልተሻላቸውም። ገብሱ ሳይታጨድ ቀበርናቸው።

ከአርባቸው በኋላ ስማዳ ወረድሁ። ጋሼ አዳነ ውቂያ ላይ ነበሩ። "ይሄ በሬ አልዞር ብሎኝ እየመታሁ ነው የማዞረው" አሉኝ፣ እንደ ማፈር ብለው። ያን ቀን የቀዳሁትን ስልኩ ላይ ከፈትሁት። "ታዲያ ለማን ልዝፈን?" አለ የአባቴ ድምፅ። ወይኖ ጆሮውን አቆመ። ነዶውን እየረገጠ መጣና ስልኩን አሸተተው። ከዚያ ቆሞ ጠበቀ። ድምፁ አልቆ ስልኩ ዝም ካለም በኋላ ጠበቀ። ጋሼ አዳነ ፊታቸውን አዙረው፣ ገለባ በሌለበት መንሻቸውን ይሰነዝሩ ጀመር።

እንግዲህ ያን ዜማ ዛሬ የሚያውቀው ወይኖ ብቻ ነው። በሬ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስተምር ክፍል ኢንተርኔቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ግን ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ የምስክር ወረቀትም ልከውልኛል።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት። በተለይ ከወይኖ ጆሮ እንዳይደርስ። እሱ እስካሁን የሚያውቀው አባቴ ሊጀምሩ መሆናቸውን ነው።