የአፈሙዝ ንጽሕና አስቸኳይ ጉባኤ

የዓለም ታሪክ ጸሐፊዎች በቸልተኝነት የዘለሉት ታላቅ ጉዳይ የተከሰተው በአይዳሆ ገጠር፣ ከድንች መጋዘን ጀርባ በሚገኝ አንድ የተኩስ ክበብ ውስጥ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር ክቡር ዴልመር ሆስኪንስ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ነበሩ። እርሳስ አቅልጠው አረራቸውን በገዛ እጃቸው ያፈሳሉ፣ ባዶ ቀለህ ለቅመው ባሩድ ይሞላሉ፣ ከሱቅ ጥይት የሚገዛውን ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ በሐዘኔታ ያዩታል።

አንዲት ኢምንት እንከን ብቻ ነበረችባቸው። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ከተኮሱ የጠመንጃቸው አፈሙዝ ውስጡ በእርሳስ ይለሰናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው አረር ዒላማውን ትቶ ወደፈቀደው ይሄዳል። ከጎረቤት ከተማ ጋር የሚደረገው ዓመታዊ ውድድር ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዴልመር ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ የምሳ ግብዣ ላይ፣ ባቄላ በአፋቸው እንደያዙ፣ «ዘንድሮ ካላሸነፍን ሥልጣኔን እለቃለሁ!» ብለው ምለዋል።

ስለዚህ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ።

«ወገኖቼ፣ ችግሩ የሞራል ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ዘመኑ ለስልሷል፤ እርሳሱም አብሮ ለስልሷል። መጠንከር አለበት!»

ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር የሱፍ ፍሬ የምትፈለፍለው አሮጊቷ ኦፓል ትራስክ እጇን አወጣች።

«ዴልመር፣ ልኩን አውቀኸዋል?»

«እኔ ልኬን ስቼ አላውቅም!»

«ያንተን አላልኩም፤ የአፈሙዙን። አረሩ ከቀጠነ ትኩሱ የባሩድ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና እርሳሱን ይልሰዋል። የላሰውን አፈሙዝህ ላይ ይለቀልቀዋል። ብታጠነክረው ምን ዋጋ አለው?»

«ኦፓል፣ አርባ ዓመት ተኩሻለሁ እኮ። መለካት የጀማሪ ነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉስ አፈሙዝ ስትፍቅ አይደል የኖርከው?»

ጸሐፊው ቨርን አስተያየቱን «ከአጀንዳ ውጭ» ብሎ መዘገበው።

በውሳኔው መሠረት እርሳሱ ጠነከረ፤ አፈሙዙ ከበፊቱ የባሰ ተለሰነ። ሁለተኛው ጉባኤ ጥፋቱን አረሩ በሚቀባው ቅባት ላይ አሳበበ። ዴልመር በምስጢር የንብ ሰምና የበግ ሞራ አቀለጡ፤ የባለቤታቸውን የከንፈር ቅባትም ጨመሩበት። አፈሙዙ እንደነበረው ሆነ። የመንደሩ ውሾች ግን ሊቀመንበሩን በታማኝነት ይከተሏቸው ጀመር፤ ይህም የመሪ ተቀባይነት ምልክት ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አሥራ አምስቱ ጥይት በሰላም አለፈ። አሥራ ስድስተኛው ዒላማውን ገሸሽ አድርጎ ከዒላማው ጀርባ ባለው የአፈር ክምር ላይ የተዘረጋውን የክበቡን ሸራ መታ፤ ሸራው ላይ ከታተመው የዴልመር ፎቶም ጢሙን ለይቶ በሳው። ጎረቤቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዴልመር ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ በዚያች ደቂቃ አፈሩ ቢውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር።

ቢሸነፉም ሥልጣን ግን አልለቀቁም። አገር በእንዲህ ያለ ሰዓት መሪዋን ልታጣ አይገባም። ይልቁንስ ጠመንጃውን ወደሠራው ፋብሪካ ሁለት አረር ከቁጡ ደብዳቤ ጋር ላኩ፤ «አፈሙዛችሁ ብልሹ ነው፤ ይቅርታ ጠይቁ» የሚል።

መልሱ ሲመጣ ቀድመው ማንበብ በራሱ ለሚተማመን ሰው አይመጥንም ብለው፣ በሙሉ ጉባኤ ፊት ፖስታውን ቀደዱት።

«ክቡር ሆይ» ብለው በግርማ ጀመሩ፤ «የላኩልን አረር ከአፈሙዝዎ ይቀጥናል። ወፈር አድርገው ያፍስሱ። ሌላ ጥያቄ ካለዎት እዚያው ከተማችሁ የምትኖረውን ኦፓል ትራስክን ይጠይቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአፈሙዞቻችን ለኪ እሷ ነበረች። የእርስዎንም የለካችው...»

ደብዳቤውን ዝቅ አደረጉ።

«ለምን አልነገርሽንም?» አሉ ዴልመር ወደ ኋላ ወንበር ዞረው።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ኦፓል የሱፍ ልጣጭ እየተፋች።

ጉባኤው ነገሩን በጥልቀት መረመረ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን በመጻፍ ላሳዩት አርቆ አስተዋይነት ሜዳልያ እንዲሸለሙ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ኦፓልም የሜዳልያውን ጥብጣብ በአንገታቸው መጠን እንድትቆርጥ ታዘዘች።

«እሺ» አለች ሜትሯን ከቦርሳዋ እያወጣች። «ግን ከአንገትህ በፊት ጭንቅላትህን ልለካው፤ የባዶው ስፋት ከታወቀ ሌላው ቀላል ነው።»