አንዳሉስ በሌክ ስትሪት

መንግሥታት ለምን እንደሚወድቁ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አለን፤ ጋሽ ታደለ ይባላሉ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሻኮፒ የሚባል ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራለን። ብሬክ ላይ ስለ ጥንቱ የአረቦች መንግሥት ስለ አንዳሉስ ሲያወሩ ምሳችን ማይክሮዌቭ ውስጥ ተረስቶ ይቀዘቅዛል።

«የአንዳሉስ መዲና ኮርዶባ፣ መንገዷ በፋኖስ የሚበራ፣ መጽሐፍ የሞላባት ከተማ ነበረች» አሉን አንድ ቀን።

«ታዲያ ምን አጠፋት?»

«ሁሉም ንጉሥ ልሁን አለ! አገሩ ተበጣጥሶ ትንንሽ መንግሥታት ሆነ።»

ይህ ነገር ልባችንን ነካውና ቅዳሜ ቅዳሜ ሌክ ስትሪት ተገናኝተን ይህንኑ ታሪክ የምናነብበት ማኅበር አቋቋምን። ሊቀ መንበር ስንመርጥ ግን ጋሽ ታደለ ተሸነፉ። በሳምንቱ ሮቢንስዴል ላይ የራሳቸውን ማኅበር ከፈቱ። የእርሳቸው ጸሐፊ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተገንጥሎ ሻኮፒ ላይ ሌላ ከፈተ።

እኔ የታሪኩ መጨረሻ ስላጓጓኝ ሦስቱም ጋ ድራይቭ አደርጋለሁ። ምን ዋጋ አለው? አባል በተከፈለ ቁጥር ሁሉም እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፉም። ባለፈው ጋሽ ታደለን «ውድቀቱ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?» አልኳቸው።

«የምን ውድቀት?» አሉኝ ተቆጥተው። «አንድ የነበርነው ሦስት ሆነን! ገና እየተስፋፋን እኮ ነው!»