መምህር ሣህሉና አራት መቶ ዓመት የሞላው ለቅሶ

በየከተማው ማንም የማያውቀውን አንድ ሟች ይዞ የሚዞር ሰው አይጠፋም። ደርግ አገሩን ሁሉ በኪነት በሚያስዘምርበት ዘመን ለጅማ የደረሷት ክቡር መምህር ሣህሉ ነበሩ። የእሳቸው ሟች ፓለስትሪና ይባላል፤ በሮማ አብያተ ክርስቲያናት ያገለገለ፣ ከመቶ በላይ የቅዳሴ ዜማ የደረሰ ጣሊያን ነው። ስኳር ጠፋ ቢባል፣ ዝናብ ቀረ ቢባል፣ የመምህሩ መልስ ያው ነው፦ «ይሄ ነገር ፓለስትሪናም ላይ ደርሷል!»

አንድ ቀን ጅሬን ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ «ፓለስትሪናም ሁለት ልጆቹን በወረርሽኝ አጣ፤ ሚስቱም ተከተለች» አሉ። እማማ ሐጂራ ደረታቸውን ያዙ።

«ኢና ሊላሂ! ለቅሶ የተቀመጡት የት ነው?»

«አራት መቶ ዓመት ሆነው እኮ፣ እማማ።»

ለቀስተኛው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ጀማለዲን ግን አልሳቀም። የቀበሌው ኪነት ቡድን መሪ እሱ ነበር፤ አኮርዲዮኑን ሲዘረጋ መንገደኛ ይቆም ነበር። መምህሩ መዝሙር ላስጠና ብለው መጡና ዘማሪዎቹን አራት ቦታ ከፈሏቸው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል። ይባስ ብለው፣ «ይሄ አዘማመር መሣሪያ አይፈልግም» አሉ። አኮርዲዮኑ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ድሮ «ጀማል እንዳለው» ትል የነበረችው ባለድምፅዋ ፈድሊያ እንኳ «ጋሼ ሣህሉ እንዳሉት» ማለት ጀመረች። ጀማለዲን ምግብ አልወርድለት አለ። «ያ ረቢ፣ ድምፃቸውን ዝጋልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ወዲያው ደንግጦ «አስተግፊሩላህ» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይለምናል።

ለቀበሌዎች የኪነት ውድድር ሳምንት ሲቀር የቀበሌው ካድሬ ሊገመግም መጣ። አራቱ ድምፆች እየተጠላለፉ ሲወጡ ፊቱን አጨማደደ።

«ቃሉ አይሰማም። ‹አብዮት› የምትለዋ የት ገባች?»

«ጓድ፣ ይሄ ነገር ፓለስትሪናም ላይ ደርሷል!» አሉ መምህሩ በደስታ። «የሮማ ካህናትም ቃሉ አልሰማ አለን ብለው...»

«ካህናት? ለአብዮቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው የምታዘምረው?»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ ሰው ነበር። ካድሬው ወደ ጀማለዲን ዞረ።

«ሙዚቃ የምታውቀው አንተ ነህ። እውነቱን ተናገር።»

ሦስት ወር የለመነው ቀን መጣለት። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። መምህሩን አያቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጣታቸው ግን አሁንም ጭናቸው ላይ ምት ይቆጥራል።

«የእኛው ነው፣ ጓድ» አለ ጀማለዲን። «እዚሁ የቡ ያሉ ገበሬዎች በደቦ ቡና ሲለቅሙ እየተቀባበሉ የሚሉት ነው። እሳቸው ፊደል ስለቆጠሩ የፈረንጅ ስም ያወጡለታል።»

ካድሬው ተነፈሰ። «እንደሱ አትሉም እንዴ! ‹አብዮት› ላይ ስትደርሱ ብቻ አንድ ላይ ጩኹ።»

በውድድሩ ሁለተኛ ወጡ። ጀማለዲን «አኮርዲዮን ቢኖር አንደኛ ነበርን» እያለ ዓመቱን ሙሉ አማቸው። መምህሩ ወደ ሌላ ከተማ በተቀየሩበት ቀንም፣ ፈድሊያ ስታለቅስ እያየ «እሰይ፣ ተገላገልን!» አለ። ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጣና፣ መንገዱ የመምህሩን የሙዚቃ ሸክላዎች እንዳይሰብርባቸው እስከ አሰንዳቦ ከተማ ድረስ ታቅፎ ሸኛቸው።